አቀንጭራን ፎቶ የምታነሳው ልጄ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ቆመ። ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ሰነበተና ማሽላው ፍሬ ሳይሞላ ቀጨጨ።

ውሃ ያጣ ማሽላ አቀንጭራ ይበዛበታል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ተጣብቆ የሚመጥጠው አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ነው። እኔ ወገቤን ይዤ ስነቅል፣ ልጄ ኤሌኒ በደረቷ ተኝታ ያንን አበባ ፎቶ ታነሳለች።

«ምኑ ነው የሚነሳው?» አልኋት።

«አባ፣ ያምራል እኮ።»

«እሳትም ያምራል፣ የሰው ቤት ሲያቃጥል።»

ካሜራው የፊሊሞን ነው። ፊሊሞን ቆቦ ላይ ፎቶ ቤት ያለው የነጋዴው የጎይቶም ልጅ ነው፤ ከኤሌኒ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። አሮጌ ካሜራ አዋሳት። ሌንሱን ነቅሎ፣ የፊቱን ወደ ኋላ ገልብጦ፣ በፕላስተር አሰረላት። ትንሹን ነገር ያገዝፋል አሉ። ዛሬ ሌንስ የገለበጠ ነገ የልጅ ልብ ይገለብጣል ብዬ ፈራሁ።

እንደፈራሁትም ሆነ። አንድ ቀን ቆቦ ገበያ ውስጥ ከኤሌኒ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። አባቷን አልፋኝ ሄደች! ፊሊሞን አብሯት ነበር። እሱ ሮጦ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። እሷ የተመለሰችው እሱ «ጋሽ ተዋቸው» ብሎ ስሜን ሲጠራ ነው። ሰው ፊት አልተናገርሁም። ቤት ስንገባ ግን ተናገርሁ።

ወፍ እንድትጠብቅ ማማ ላይ አወጣኋት። ግሪሳ ወርዶ ማሽላዬን ሲያራግፍ፣ ወንጭፏን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከታች ሆኜ ጮህሁ።

«ሰው ነሽ ወይስ ማስፈራሪያ?»

«አሁን ገና ሰማኋቸው፣ አባ!»

«ወፍ እስኪያናግርሽ ነው የምትጠብቂው?»

አረም ላይም እንደዚያው ናት። ሌላው ሦስት ትልም ሲጨርስ እሷ አንዱን አትጨርስም። አፍንጫዋን መሬት ላይ ደፍታ፣ እያሸተተች የምትነቅል ነው የምትመስለው።

በዚያ ላይ መምህሯ አስጠራኝ። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ከሰሌዳ አትጽፍም፤ አጠገቧ ካለችው ልጅ ደብተር ትገለብጣለች አለኝ። ስቆጣት ዓይኗን አጥብባ ታየኛለች። እኔ እናትና አባቴን እንዲያ አይቼ አላውቅም።

ሚስቴ ትርንጎ ልታበርደኝ ሞከረች።

«ተው እንጂ፣ ልጅ ናት።»

«ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አንቺ በሷ ዕድሜ ባለ ትዳር ነበርሽ።»

«እኔን ማን ጠየቀኝና!»

ፈንታው የሚባል የጎብዬ ገበሬ ለልጁ ኤሌኒን ጠይቆኝ ነበር። በቁጣዬ ላይ ሳለሁ ሽማግሌዎችህን ለቅዳሜ ላካቸው ብዬ ላክሁበት። ኤሌኒ ስትሰማ እግሬ ላይ ወደቀች።

«አባ፣ ትምህርቴን ልጨርስ።»

«ከሰሌዳ የማትጽፍ ምኑን ትጨርሳለች?»

ተነሥታ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ትርንጎ ለሽማግሌዎቹ ስታሰናዳ ኤሌኒ ከቤት የለችም። ወደ ማሳው ወረድሁ። ከማሽላው መሀል ፊሊሞን ተንበርክኳል፤ እሷ ተኝታለች። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«አንተ! ምን ይዘህ ነው?»

ልጁ ደንግጦ ተነሣ። «ጋሽ ተዋቸው፣ ነፋሱ እንዳያወዛውዛት ብዬ ነው የያዝኋት።»

«ማንን?»

«አበባዋን!»

ኤሌኒ ከኋላው ሆና፣ «ካሜራውን ልመልስለት ነው የጠራሁት፤ የመጨረሻዬ ነው» አለች። እኔ ግን አላዘንሁም። ከእጇ ነጠቅሁና ድንጋይ ላይ ልፈጠፍጠው አነሳሁት።

ሆኖም ልጄን ያሳበደው ምን እንደሆነ ሳላይ መስበር አልፈለግሁም። ዓይኔን አስጠጋሁ። ወደ ቤቴ አዞርሁት፤ ቤት የለም። ወደ ዞብል ተራራ አዞርሁት፤ ተራራ የለም። ሁሉም እንደ ተልባ ውሃ የተድበሰበሰ ነው።

«ይሄ የተበላሸ ዕቃ ነው!»

«አልተበላሸም፣ ጋሼ» አለ ፊሊሞን፣ ከዱላዬ ራቅ ብሎ። «ሌንሱ ስለተገለበጠ ነው። ከስንዝር ያለፈ ነገር አይታይበትም። እስቲ አበባውን ጠጋ ብለው ይዩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ በአበባው ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። እህሌን የበላ አረም እንደ ሙሽራ ተኩሎ ሲታይ፣ ቤቴና አገሬ ጠፍተዋል።

«ተራራን የሚያህል ነገር ጭጋግ የሚያደርግ ዕቃ ለምን ይረባል?» ብዬ ጮህሁባት።

ኤሌኒ ያልሁት አልገባትም። ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ዞብል ዞረች።

«አባ፣ ተራራውማ ያለ ካሜራም ጭጋግ አይደል እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ መንገድ ሳይጀምሩ ደርሶ እንዲያስቀራቸው ፊሊሞንን ወደ ጎብዬ አስሮጥሁት፤ እኔ የልጄን እጅ ይዤ፣ ዓይኗን ላስመረምር የቆቦ ሚኒባስ ለማስቆም ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።