ጥፍር ለማስለቀቅ

ሰውየው ልጅቷን ክንዷን ይዞ ሲያስገባ ጥፍር ሠሪዋ ገና ጠረጴዛዋን እየወለወለች ነበር።

«ይሄን አስለቅቂላት» አለ። «አራት ሰዓት ላይ መድረስ ስላለብን ቶሎ በይልን።»

ሰላምታ የለ፣ እንደምን አደርሽ የለ። ጥፍር ሠሪዋ እንዲህ ያለውን ወንድ ገና ከበር ታውቀዋለች። ሃያ ዓመት የሰው እጅ ይዞ የተቀመጠ፣ ሰው ማንበብ አያቅተውም፤ እሷ እንዲያ ትላለች።

ልጅቷ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ቢሆናት ነው። ጥቁር ቀይ የጥፍር ጄሏ ሦስት ቀንም አልሞላው። እንዲህ ያማረ ሥራ በሦስት ቀኑ የሚያስነሳ ማን ነው?

«ማን ሂጂና ተቀቢ አላት?» አለ ሰውየው፣ የጠየቀው ያለ ይመስል። «እንደማይቻል እያወቀች!»

ወንበር ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ መውጫው ተዘጋ። የጫማውን ማሰሪያ እንኳ አላሰረም። በዚያ ሙቀት የሸሚዙ እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል።

«ሻይ ላምጣላችሁ?»

«አንጠጣም። እሷም አትጠጣም።»

«ለሷ ውሃስ?»

«ውሃም አትጠጣም አልኩሽ።»

የልጅቷ ከንፈር ደርቋል። ጥፍር ሠሪዋ አየች፣ ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። የጄሉን ወዝ በሞረድ ገፈፈች፣ ጥጥ በማስለቀቂያው አሴቶን እየነከረች በየጥፍሩ ላይ አስቀመጠች፣ እያንዳንዱን ጣት በፎይል ጠቀለለች። አሥሩም ጣት ከተጠቀለለ በኋላ ሰው አፍንጫውን ቢበላው እንኳ «እባካችሁ እከኩልኝ» ከማለት ሌላ መላ የለውም። ደንበኞቿ እዚህ ላይ ይስቃሉ። ይቺ አልሳቀችም።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። «ስልኬ...» አለች። ሰውየው አውጥቶ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። ቦርሳው ሲከፈት ጥፍር ሠሪዋ ዓይኗን ጣል አደረገች። አዲስ የሌሊት ልብስ፣ አዲስ ነጠላ ጫማ፣ መታወቂያ የተያያዘበት የወረቀት ክምር። የልጅቷ ጆሮ ላይ ቀዳዳው እንጂ ጉትቻው የለም፤ አንገቷም ባዶ ነው።

ጥፍር ሠሪዋ ነገሩን ታውቀዋለች። ለእሷም በአሥራ ሰባት ዓመቷ አዲስ የሌሊት ልብስ ተገዝቶላት ነበር። ወስዶ ለማታውቀው ባል ያስረከባት የገዛ ወንድሟ ነው፤ እስክትለብስ ድረስም እንዲሁ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠብቋታል። ያኔ አንድ ሰው፣ ባዕድም ቢሆን፣ «ነይ በዚህ ውጪ» ቢላት ኖሮ! ማንም አላላትም።

«ምንሽ ነው?» አለች ዝቅ ብላ።

«ወንድሜ።»

አላልኩም! አለች በልቧ።

«ቀኑ ዛሬ ነው?»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። «ከእህት ከወንድሞቼ የተስማማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ እግሬ ላይ ወደቀች። እሺ ብዬ ፈረምኩ። አሁን ግን ፈራሁ። አልፈልግም ብል በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ዝርዝሩን አልጠይቅሽም፤ እኔም ተሰጥቼ አውቃለሁ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አላለቀም?» አለ ሰውየው፣ ክንዱን በእጅጌው ላይ እያከከ። «አስለቅቂያት እንጂ!»

«አስለቅቃታለሁ» አለች ጥፍር ሠሪዋ። የትኛውን ማስለቀቅ እንደሆነ ግን አልነገረችውም።

አሥራ አምስት ደቂቃው ሲሞላ ፎይሉን ፈታች። የላላውን ጄል በቀጭን እንጨት ገፋ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ የወጣው ጥፍር ነጣ ያለና ደረቅ ነው። ዘይቱን ስታነሳ ሰውየው ጮኸ።

«ምንም እንዳትቀቢያት! ባዶ ይሁን ተብለናል።»

«አሴቶኑ ወዙን መጦታል እኮ። ዘይት ካልነካው ይሰነጠቃል።»

«ይሰንጠቅ!»

ይሰንጠቅ! የእህቱ ጥፍር! የጥፍር ሠሪዋ ደም ፈላ።

«እንግዲያው እጇን በሳሙና ትታጠብ። ቧንቧው ጓሮ ነው።»

ሰውየው አብሮ ሊነሳ ሞከረ፣ ግድግዳውን ያዘ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ፍጠኑ» አለ።

ጥፍር ሠሪዋ ልጅቷን ይዛት ጓሮ ስትደርስ ቧንቧውን ከፍታ ውሃው እንዲንጫጫ ተወችው። የኋላ በሩን መቀርቀሪያ ሳበች። ከበሩ ወዲያ ጠባብ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ወዲያ ፌርማታ። ትንሿን የዘይት ጠርሙስ በልጅቷ መዳፍ ከተተችላት።

«ጠዋትና ማታ ሥሩን ቅቢው፤ ወዙ ይመለሳል። በይ ሂጂ!»

«እኔ ከሄድኩ ወንድሜ ይሞታል» አለች ልጅቷ።

«ሁሉም እንዲህ ይላሉ። እኔ በሀፍረት የሞተ ወንድ እስካሁን አላየሁም። ሂጂ አልኩሽ!»

ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች። መጀመሪያ በዝግታ ሄደች፤ ከዚያ ሮጠች።

ጥፍር ሠሪዋ ቧንቧውን ዘግታ ብቻዋን ተመለሰች። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አለላት።

«የታለች?» አለ ሰውየው።

«ሄደች! አትደርስባትም። ልትመታኝ ከሆነ ይኸው፣ ና!»

አልመታትም። በአጠገቧ አልፎ ወደ ጓሮ ሮጠ፣ መሮጥ ከተባለ። አራት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ተመልሶ ልጅቷ ተቀምጣበት የነበረው ወንበር ላይ ተዘረፈጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ኪሱ ውስጥ የራሱ ስልክ ጮኸ። አውጥቶ ነካው፤ ወደ ጆሮው ማንሳት ግን አቃተውና ድምፁን እንደለቀቀ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

«ወንድሜ፣ ከሆስፒታሉ ነው፤ የት ደረሳችሁ?» አለ ትሕትና ያለው የሴት ድምፅ። «ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው፤ ኩላሊቷን የምትሰጥህ እህትህ አብራህ ናት አይደል?»