የአገሬ ልጅ

«አባቴ፣ ይሄ ማሽን አያስፈራም?» አልኳቸው፤ መቅረጫዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

ሽማግሌው ከካውያው ማሽን የሚወጣውን አንሶላ ማጠፋቸውን ሳያቆሙ ሳቁ። የአገሩን ቋንቋ እኔም እሳቸውም እየተንተባተብን ነው የምንናገረው፤ ቃል ሲያጥራቸው በዓይናቸው ይሞሉታል።

«መከለያ ነበረው» አሉ። «ሥራ ያጓትታል ብለው ነቀሉት። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ልጅ እጅ እስከዚህ ገባ።» ክርናቸውን አሳዩኝ።

ጋዜጠኝነት ልማር ባሕር ተሻግሬ ከመጣሁ አራተኛ ሳምንቴ ነበር። የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ነው የተባለው፤ ያለሁበት ግን ዝናብ ቀርቶ ለዓይን የሚሆን ደመና የለም። መምህራችን «ማንም የማይጠይቀውን ሰው ጠይቃችሁ ኑ» ብሎ ሁለት ሁለት አድርጎ በትኖናል። እኔና ካሜራ የያዘችው የክፍል ጓደኛዬ ሦስት በር አንኳኩተን ሦስቱም ፊታችን ላይ ተዘጉ። አራተኛው ይህ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው። ፎርማኑ ሊያባርረን አፉን እንደከፈተ ስልኬ ጠራ፤ «እማዬ፣ በልቻለሁ አልኩሽ እኮ!» ስል ሰማኝ። ፊቱ በራ።

«የእኔ እህት! የአገሬ ልጅ! ግቢ፣ ግቢ! ባለቤቱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት አለ፤ ቤቱ ያንቺ ነው» አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ራሱ ቀድቶ አመጣልኝ፤ ለጓደኛዬም ወንበር ፈለገላት።

አሁን ግን ከጀርባዬ ቆሟል። ሲመጣ አላየሁትም።

«ምንድን ነው ያለሽ?» አለኝ በቋንቋችን። ድምፁ ለስላሳ ነው።

«ስለ ማሽኑ ነው፣ ጋሼ። መከለያው…»

አላስጨረሰኝም። ከቅርጫቱ ውሃ ያዘለ አንሶላ መዘዘ፣ ሁለቴ ጠመዘዘው፣ የሽማግሌው አንገትና ትከሻ መሃል አሳረፈው። እርጥብ አንሶላ እንደዚያ መክበዱን አላውቅም ነበር። ሽማግሌው በደረታቸው ማሽኑ ላይ ተደፉ። ግራ ክንዳቸው የጋለውን ብረት ነክቶ ቸስ አለ። ጩኸታቸውን የማሽኑ ጩኸት ዋጠው።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ!»

ሁለተኛው ጀርባቸው ላይ አረፈ። ለሦስተኛው መሃል ስገባ እኔን አገኘኝ። ጆሮዬ ጭው አለ፤ ምላሴ የደም ጣዕም አገኘ። ጓደኛዬ ካሜራዋን ደረቷ ላይ ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሌሎቹ ሠራተኞች አንገታቸውን ደፍተው ማጠፋቸውን ቀጠሉ።

ፎርማኑ አንሶላውን ጥሎ መቅረጫዬን ከነእጄ ጨበጠው።

«አምጪው፣ እህቴ። ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ይሄ ነገር ባለቤቱ ጆሮ ከደረሰ ውዬ አላድርም። የመኖሪያ ወረቀቴ በእሱ እጅ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«ይልቀቁኝ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ከሁለት ሳምንት በኋላ አውሮፕላንሽ ላይ ትወጫለሽ! እኔስ? እኔ ወዴት ነው የምሄደው?»

ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። አሳዘነኝ፤ እውነቴን ነው። ለአፍታ ጣቶቼን ላላ አደረግኳቸው። እሱ ግን መላላታቸውን አልጠበቀም፤ ሌባ ጣቴን ወደ ኋላ አጠፈው። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣው።

በግራ እጄ ምን እንዳነሳሁ አላየሁም። የእጅ ካውያ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ክብደቱ ግን ይበቃል። ግንባሩ ላይ አሳረፍኩት። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑን ሞላው።

«አንተ!» አልኩት። «አንተ አውሬ!»

እስከዚያች ቀን ድረስ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው «አንተ» ብዬ አላውቅም። ደግሜ መታሁት። በጉልበቱ ተንበረከከ። እጆቹን አናቱ ላይ ሲደርብ ጣቶቹን መታኋቸው። «በእናትሽ» አለኝ፤ እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ። እናቴን በመጥራቱ ይባስ ተናደድኩ። እውነቱ ከእኔ ጋር ነበር፤ ያ ነው ክንዴን ያቀለለልኝ። በመታሁት ቁጥር ቀለለኝ። ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

አንድ ሰው ማሽኑን አጠፋው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፤ የሚያለከልክ እንስሳ ይመስላል።

ካውያውን እንደገና ወደ ላይ ሳነሳ በእኔና በእሱ መሃል አንድ ጀርባ ገባ። ሽማግሌው ናቸው። የክንዳቸው ቆዳ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል። በዚያው ክንዳቸው የፎርማኑን ራስ ደረታቸው ውስጥ አቀፉት፤ ደሙ ሸሚዛቸውን አራሰው። ከዚያ አንገታቸውን ወደ እኔ አዙረው ባዶ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በቃ» አሉኝ። «በቃ።»

በእኛ ቋንቋ ነው ያሉት። ማን እንዳስተማራቸው አልጠየቅኩም። እንዲህ ጥርት አድርገው ለመናገር ስንት ጊዜ ብለውት እንደሆነ ብቻ ነው ያሰብኩት።