እግር ያወጣ ዝገት

ባትላሜራው የአሮጌዋን መኪና ምንጣፍ ገልጦ ወለሉን በካቻቪቴ ወጋ ሲያደርገው ብረቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ካቻቪቴው በዚያኛው በኩል ወጥቶ መሬት ነካ።

«ላይዋን ሲያዩት ሙሽራ ናት» አለ። «ጉዱ ከሥር ነው። ሬንጅ ለቅልቀው ውሃውን እዚያው አፍነውባታል።»

ሬንጁን የለቀለቁት አባባ ራሳቸው ነበሩ፤ ለመኪናዋ ሳስተው። ቁልፏን በመዳፋቸው ጨብጠው «ቶሎ ጨርስልኝ» ብቻ አሉ። «እኔ በእግሬ ልሄድ አልተፈጠርኩም።»

ይህ የሆነው ክረምቱ ሲገባ ነው። ክረምቱ ወጣ፤ መኪናዋ ግን ከቆርቆሮው ጥላ ሥር እንደተገነጣጠለች ናት።

ምራታቸው ሕፃኗን አዝላ ልብስ ስታጥብ ሁሉንም ታያለች። ባትላሜራው ዝገት የበላውን ይቆርጣል፣ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፣ ያለሰልሳል፣ ይቀባል። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ጎንበስ ይልና ራሱን ይነቀንቃል።

«አባባ፣ እዚህም አለ።»

አንዱን ሲደፍን ሌላው ይከፈታል። አባባም በረንዳው ላይ ቁልፋቸውን ያሻሻሉ።

«መጀመሪያ የምትሳፈረው ይቺ ናት» ይላሉ። የልጅቷን ጉንጭ ሊነኩ እጃቸውን አጠገቧ ወዳለው ባዶ አየር ሲሰዱ ምራቲቱ ፈጠን ብላ ሕፃኗን ወደ ጣታቸው ታስጠጋለች። «ፊት ወንበር ላይ፣ ከኔ ጎን። ገበያውን መሃል ለመሃል ሰንጥቀን ነው የምንሄደው።»

«እሺ አባባ» ትላለች። በዚያ ቤት ለአባባ እምቢ ያለ የለም። መኪናዋ ከመቆሟ በፊት በጠራራ ፀሐይ የግቢውን በር ምሰሶ ገጭተውት ነበር፤ ቀለሟ እስካሁን እዚያው አለ። ምሰሶው ያለቦታው ነው የተተከለው አሉ፤ ቤተሰቡም ምሰሶውን ወቀሰ።

ትልቋ ልጃቸው፣ ሁሉም እትዬ የሚላት፣ ከሥራ ስትወጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ነው። ምላሷ ቆርቆሮ ይቆርጣል።

«ዛሬስ ምን አገኘህ፣ ነዳጅ?»

«ከሾፌሩ ወንበር ሥር ትንሽ ገብቷል፣ እትዬ።»

«ትናንት ከኋላ ነበር። ከትናንት ወዲያ ከጎን። ዝገቱ እግር አውጥቶ ይዞራል እንዴ?»

«ዝገት እንደ ቂም ነው። ሲያዩት ትንሽ፣ ሲገልጡት…»

«ተረትህን ለሚስትህ። አባዬ ቁልፍ እንደጨበጠ ሊቀበር ነው። በሽማግሌ ስትቀልድ አታፍርም?»

ባትላሜራው መዶሻውን አስቀመጠ፤ ፊቱ እንኳ አልተቀየረም። ምራቲቱን ያንገበገባት ይኸው ነው። ሰው በየቀኑ እንዲህ ሲዋረድ እንዴት ዝም ይላል? እሷስ በእትዬ ምላስ ስትገረፍ እንዴት ዝም አለች?

አባባ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ።

«ልጄ ልክ ናት» አሉ፣ ማንም ወዳልቆመበት የመኪናዋ ኮፈን ፊታቸውን አዙረው። «ሌባ ነህ። ነገ ካልጨረስክ ሌላ ሰው አስመጣለሁ።»

«ሌላ ሰው አያስፈልግም አባዬ» አለች እትዬ አፋቸውን ሳይገጥሙ። «ያቦካው ራሱ ይጋግር። ጀምሮ የት ይሄዳል?»

ባትላሜራው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። እትዬ «ቆይ፣ ገና አልጨረስኩልህም» እያለች ተከተለችው።

ምራቲቱ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ባትላሜራው ጃኬቱን የመኪናዋ በር ላይ ረስቶታል። አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። በመንገዷ ላይ የምትለውን አሰናዳች፤ ለሱ «አይቀየሙን» ልትል፣ ለእትዬ ደግሞ ስንት ዘመን የዋጠችውን ልትተፋ። ዛሬ የመጣው ይምጣ።

ከበሩ ውጭ ግን ጩኸት የለም። ሁለቱም ምሰሶው ጥግ ቆመዋል። እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው፤ ምራቲቱ ያን ድምፅ በዚህ ቤት ሰምታው አታውቅም።

«እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ። ነገ ደግሞ ከፍሬኑ ሥር አንድ ቀዳዳ አግኝልን።»