እውነት ካልሰማ የማይከፈት ብልቃጥ

የመድኃኒት ብልቃጥ እውነቱን ካልነገሩት አልከፈትም ማለት ከጀመረ ወዲህ፣ መንደር ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር ጠፍቷል። ዘርፌ የደም ግፊት ኪኒናዋን ልትውጥ ብልቃጡን ስታነሳ፣ እንደ ልማዱ "ዛሬ ሌላ ምን ወሰዱ?" አላት።

"ምንም።"

"ትንፋሽዎ ሌላ ይላል" ብሎ ድርቅ አለ።

ራሷን ይወቅራታል፤ ኪኒናውን ካልዋጠች መውደቋ ነው። ከተናገረች ደግሞ፣ ጎረቤቷ አስካለ ጆሮዋን አቁማ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ሳይመሽ አገር ይሰማል።

"አስካልዬ፣ ዝናቡ ሳይመጣ እስቲ ልብሱን አስገቢልኝ።"

"የምን ዝናብ? ሰማዩ ጥርት ብሎ!" አለች አስካለ፣ ጭራሽ ወንበሯን አስጠግታ።

ዘርፌ ተሸነፈች። "እሺ! ሥር ዘፍዝፌ ጠጥቻለሁ። ጉልበት ያድሳል ብሎ ጌጡ ነው የሰጠኝ። ደስ ይበልሽ!"

"ሥሩና ይሄ ኪኒና ከተገናኙ ሆስፒታል ያስተኛሉ" አለ ብልቃጡ። "ሥሩን ይድፉት፤ ለዛሬ ግማሹ ይበቃዎታል።" ግማሽ ኪኒና መዳፏ ላይ ጠብ አደረገላት።

ዘርፌ ሳቅ ስትጠብቅ፣ አስካለ ክው ብላ ቀረች።

"የቱ ጌጡ? ሚስቱ የሞተችበት? ለኔም እኮ ሰጥቶኛል! አንቺን ብቻ አስቤ ነው ብሎ!"

ተያዩና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ቆይ፣ ለስንቶቻችን አድሎ ይሆን?" አለች ዘርፌ።

ነጠላቸውን አጣፍተው እየተንከተከቱ በየቤቱ ዞሩ። ያን ቀን ወሬ ከአምቡላንስ ቀድሞ ደረሰ፤ የጌጡም ሥር በየደጁ ሲደፋ ዋለ።