ስም አይመዝንም

ጉልላት ኮድ ሲጽፍ ለየትእዛዙ በሚያወጣው ስም አይቆጥብም። ፊደሉ የእንግሊዝኛ፣ ቃሉ የአማርኛ ነው፤ አንዳንዱ ስም መስመር ሞልቶ ይተርፋል። ትምህርቱን ጥሎ ስልክ ሲጠግን ኖሮ ነው እዚህ የደረሰው። ሰው አንብቦት የማይገባውን ነገር አልጽፍም ይላል።

ጋሽ ይገዙ ደግሞ ቁጥብ ሰው ናቸው። ኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ ባለች ወርክሾፓቸው ዲጂታል ሚዛን ይገጣጥማሉ። ቀፎው ከውጭ ይመጣል፣ አንጎሉን የሚያዘውን ኮድ ጉልላት ይጽፋል። አንጎሉ ጥፍር የምታህል ቺፕ ናት፤ ብዙ አትይዝም። አዲሱ ሚዛን ኮዱም ጭምር ታይቶ፣ የመንግሥት ቁጥጥር ማኅተም ተመቶበት ለበዓል ገበያ መድረስ አለበት። ኮዱ ግን ቺፗ ውስጥ አልገባ አለ።

ጋሽ ይገዙ ጥፋቱን ወዲያው አገኙት።

"ይሄ ስም ነው የዘር ሐረግ? አሳጥረው።"

ጉልላት ስም ቺፕ ውስጥ እንደማይገባ ነገራቸው። ስም ለሰው ነው፤ ማሽኑ ኮዱን ሲጨምቀው ስሙን እንደ ገለባ ይጥለዋል፣ ፍሬው ብቻ ይቀራል። አላመኑትም። ዓይናቸው እያየ ስሞቹን ሁሉ በነጠላ ፊደል ተክቶ ጨመቀው። መጠኑ ያው ነው። ስሞቹን መለሰና ነጥብ ያለውን ሂሳብ አውጥቶ ሁሉም በሙሉ ግራም እንዲሰላ አደረገ። ገባ፤ ቦታም ተረፈ።

"ቢሆንም አሳጥረው" አሉ ጋሽ ይገዙ።

ገጣጣሚዋ ማራኪ ጉልላትን ጦር ኃይሎች ሰፈር ከኢብራር ጋር ምሳ ሲበላ አየችው። ኢብራርም ሚዛን ይሠራል። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወርክሾፕ ገባ። ግልጽ ኮድ ለገዢ ይመቻል፣ ይሄ ልጅ ሊሸጠኝ ነው፣ አሉ ጋሽ ይገዙ። ራሳቸው ስሙን ሊቆርጡት ሞክረው ሚዛኑ አልነሳ ሲላቸው ይብሱን ተቆጡ።

ጉልላት ምሳውን አልካደም። ሥራ ልጠይቅ ነው የሄድኩት አለ። ይሄንንም ማንም አላመነው። ማራኪ ለብቻው ይዛ ለመነችው፤ ከዚህ ከወጣህ እናትህን ማን ያኖራቸዋል፣ እልህ እንጀራ አይሆንም፣ ለአንድ ስም ብለህ ነው?

"የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ" አላት። "ስም የማወጣው ግን እኔ ነኝ።"

ቁጥጥር በሚመጣበት ጠዋት ጋሽ ይገዙ ለስለስ ብለው ገቡ። ሌላው ስም እንዳለ ይሁን፣ የመጨረሻዋን ብቻ አሳጥር አሉት። እሱ ጃኬቱን ደረበ።

"አንተ ልጅ፣ ወይ ስሟ ታጥራለች፣ ወይ ሂሳብህን ትወስዳለህ።"

"ሂሳቤን ይስጡኝ።"

በሩ ተንኳኳ። ከቁጥጥር የተላኩት ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነበሩ። ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የሚያዩት ኮድ ሁሉ እንደ ሐኪም ጽሑፍ ዓይን እንደሚያደክም፣ የዚህ ቤቱ ግን እንደ ደብዳቤ እንደሚነበብ ተናገሩ። ጋሽ ይገዙ ሻይ ይምጣልዎ አሏቸው። ሴትየዋ አልሰሙም፤ መጨረሻው ላይ ደርሰው መነጽራቸውን አስተካከሉና የመጨረሻዋን ስም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦

"ጋሽ ይገዙ እንዳዘዙት በየኪሎው ሃምሳ ግራም ጨምር።"