ጥርሰ በረዶ

ሌሊቱን የጣለው በረዶ አሜሪካ፣ ማርልቦሮ ከተማ ያለ ቤታቸውን ደጅ ዘግቶት አደረ። ጡረታ የወጣው ገጣሚ አካፋውን ይዞ ብቅ ሲል ደረጃው አንሸራተተውና በቂጡ ዘጭ አለ። በረዶ የሚያሟሟ ጨው ደረጃው ላይ ልትበትን የተከተለችው ሚስቱ ሳቋን ለቀቀችው፤ ወዲያው ግን አፏን በጓንቷ ከደነች።

ስሙን ያስጠራው እሷን «ጥርሰ በረዶዋ» ብሎ ያሞገሰበት የወጣትነት ግጥሙ ነበር፤ ዛሬም የአገር ልጅ በየሰርጉ በቃሉ ይለዋል። አምና ጥርሶቿ ወልቀው ሰው ሠራሽ ካስገባች ወዲህ ግን ስትስቅ አፏን መሸፈን ለመደች። ያን ሁሉ ስንኝ ሲደረድር ስለ ሳቋ አንዲት ቃል አልጻፈም።

«እጅሽን አውርጂው እንጂ» አላት፣ በረዶው ላይ እንደተቀመጠ። «እዚህ ማን ያይሻል?»

ጓንቷን ከአፏ ሳታነሳ፣ «አንተ» አለችው።