ከበሩ አጠገብ

ጠዋት እንደ ወትሮዋ ሻይ ጣደች፤ ጠረጴዛውንም በእጇ እየዳበሰች ጠራረገች። ልጇ ለሥራ ለባብሳ ከቤቷ መጣችና አዲሱን መነጽር ከነማስቀመጫው ከፊቷ አኖረችው። እናትየው ከፈተችው፤ መልሳ ዘጋችው።

«ትንሽ ይቆይ።»

«እማዬ፣ ትናንት የውኃውን በርሜል ‹እንደምን አደሩ› ብለሽው አለፍሽ እኮ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ከአንዳንድ ጎረቤት በርሜሉ ይሻላል።»

ልጅቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን የእናቷን ክንድ ያዘች። «ምድጃው ያቃጠለሽ ገና አልሻረም። ካላደረግሽው ዕቃሽን ጠቅልለሽ እኔ ቤት ነው የምትገቢው።»

ይህን ቤት መልቀቅ አልሆነላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ በየማለዳው፣ በጭጋግ ውስጥ እንደሚታይ ሰው፣ ከበሩ አጠገብ አንድ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ይጠብቃት ነበር። እዚያው ተሰቅሎ የቀረው ካፖርቱ መሆኑን አላጣችውም፤ ማወቅና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ መነጽሩን አደረገች።

መጀመሪያ ያየችው የልጇን ፊት ነበር። ከጆሮዋ በላይ ነጫጭ ፀጉር ጣል ጣል ብሏል።

«አንቺ፣ መቼ ሸበትሽ?»

«ቆየሁ እኮ፣ እማዬ።»

ሽበቱን በጣቷ ነካችው፤ ያምራል። በመስኮቱ በኩል የዛፉ ቅጠሎች አንድ በአንድ ተለይተው ይወዛወዛሉ። ይህን ሁሉ ሳታይ መክረሟ ገረማት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች።

ኮሌታው አቧራ የጠጣ ካፖርት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከበሩ አጠገብ ማንም አልነበረም።